የፈረስ መልክና የፈረስ ጤና

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ ዘጌ የሚሄድ መንገደኛ ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ደን ከለበሰ ዳርቻ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው የእግር መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ ሥር ያልፋል። እኛም በዚህ መንገድ ሄደን፣ ጫማችንን አውልቀን ወደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን በገባን ጊዜ፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ አገኘነው። ከሥዕሎቹም መካከል ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል ዓይናችንን ይዞ አላስኬድ አለን።

ይህን ሥዕል የማያውቅ ክርስቲያን ቤተ ሰብ የለም። ፈረሱ እንደ ነጠላ የነጣ ነው፤ አንገቱ ቀና ብሎ የተቀለሰ፣ ጋማው የተስተካከለ፣ ዓይኑ ትልቅና ንቁ ነው። ኮርቻውና ልጓሙ በጌጥ ተሸልሟል። በአገራችን የአሣሣል ልማድም ባዶ እግሩን የተቀመጠው ፈረሰኛ እርካቡን በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ይታያል። ልጆቻችን ስለ ፈረስ ውበት የሚማሩት አስቀድሞ ከዚህ ሥዕል ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ሥዕሉን ቆመን ስንመለከት ግን አንድ ሐሳብ መጣብን። ሠዓሊ ፈረሱን እንደ ልቡ ሊያሳምረው ይችላል። ራሱን ቢያሳንሰው ፈረሱ ትንፋሽ አያጥረውም፤ እግሩን ቢያቀጥነው አያነክስም፤ ቆዳውን ቢያነጣው አይታመምም። የተሣለ ፈረስ ሥቃይ አያውቅምና። ደምና ሥጋ ያለውን ፈረስ እንደ ሥዕል ሊያሳምር የሚነሣ ሰው ግን በሌላው ሕይወት ላይ እንደሚሥል ሊያውቅ ይገባዋል። በዛሬው ጽሑፋችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም ፈረስን ለመልኩ ብቻ ማርባትና ማስጌጥ በጤናው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ነው። የውጭውን አገር ዘመን ስንጠቅስ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

አባቶቻችን ፈረስን በምን አከበሩት?

አስቀድመን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። የአገራችን ነገሥታትና መኳንንት በፈረስ ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተብለዋል። ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ ብንመረምራቸው ስለ ፈረሱ መልክ የሚናገር አናገኝባቸውም። ታጠቅ፣ ዳኘው፣ ጠቅል የሚሉት ቃላት ሁሉ የሥራ ቃላት ናቸው። ፈረሱ ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ራሱ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ስሙ አይነግረንም፤ ጌታው ምን ሊሠራበት እንደ ተነሣ ግን ይነግረናል።

ይህ ማለት አባቶቻችን የፈረስን መልክ አይወዱም ነበር ማለት አይደለም። አምባላዩን፣ ዳማውን፣ ቡላውንና ጉራቻውን ለይተው የጠሩት ዓይናቸው በመልክ ስለ ተደሰተ ነው። ነገር ግን ፈረስ በገደል ካልወጣ፣ ወንዝ ካልተሻገረ፣ በሩቅ መንገድ ካልጸና፣ መልኩ ብቻውን ዋጋ አልነበረውም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ምሳሌያችንም ለፈረስ ልኩን የሚሰጥ ነው፤ ማድረስ የማይችል ፈረስ ግን ከነጭራሹ ፈረስ አይባልም ነበር። ስለዚህ መንገዱና ሥራው ራሳቸው ዳኞች ነበሩ። ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ጠንካራው ይወልዳል።

ይህ ዳኝነት ከመንገድ ተወስዶ ለዓይን ብቻ በተሰጠ ጊዜ ምን እንደሚሆን የሌላው ዓለም ታሪክ ያስተምረናል።

አስደናቂ ስለ ተባለው ፈረስ

በአሜሪካ አገር ኳርተር ሆርስ የሚባል የፈረስ ወገን አለ። በዚያ አገር ፈረስን ሳይጋልቡት፣ በልባብ ይዘው በዳኞች ፊት እያቆሙ፣ የአካሉን ቅርጽ ብቻ የሚያወዳድሩበት ልማድ አለ። በ1969 አንድ ውርንጭላ ተወለደ፤ ስሙንም ኢምፕሬሲቭ አሉት፤ ትርጓሜውም «አስደናቂ» ማለት ነው። ይህ ፈረስ እንደ ስሙ አስደናቂ ሆኖ አደገ። ደረቱና ዳሌው በጡንቻ ተሞልቶ፣ ከድንጋይ ተጠርቦ የወጣ ይመስል ነበር። በ1974 በዚሁ የቅርጽ ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ከዚያ በኋላ ባዝራ ያለው ሁሉ ከእርሱ ዘር ለማግኘት ተሽቀዳደመ፤ ከ2 ሺህ በላይ ውርንጭሎችም ከእርሱ ተወለዱ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በፈንታቸው በውድድሩ አሸነፉ፤ እነርሱም በብዙ ተዋለዱ።

ነገር ግን ከእነዚህ ውብ ፈረሶች አንዳንዶቹ ያለ ምክንያት ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ። አንዳንዱ የኋላ እግሮቹ ከድተውት እንደ ውሻ ቁጢጥ ይላል፤ አንዳንዱ ተዘርሮ መነሣት ያቅተዋል፤ መተንፈሻው ወይም ልቡ ተይዞ የሚሞትም ነበር። ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜ፣ በ1992፣ ምክንያቱ ተገለጠ። በጡንቻ ውስጥ ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር የሚያልፍበት ጥቃቅን በር አለ። በእነዚህ ፈረሶች በዘር የተወረሰ ጉድለት ስላለ ያ በር በጊዜው አይዘጋም። ስለዚህ ጡንቻው ዕረፍት አጥቶ ይንቀጠቀጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይበዛል፤ በመጨረሻም ጡንቻው ዝሎ ሥራውን ይተዋል። ጉድለቱ ያለባቸው ፈረሶች የዘር ሐረግ ወደ ላይ ሲቆጠር ወደዚያው ወደ አስደናቂው ፈረስ የሚደርስ ሆኖ ተገኘ።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ጡንቻው ያበጠውና ያማረው በከፊል ከዚሁ በሽታ የተነሣ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ቆሞም ሳለ ጡንቻው ሳያቋርጥ እንደሚሠራ ያህል ነበርና። እንግዲህ ዳኞቹ የሸለሙት ሳያውቁት በሽታውን ነበር ማለት ነው። ክፋት አስበው አላደረጉትም፤ ዓይናቸው ያየውን አመኑ። ዓይን ግን ቆዳን እንጂ ከቆዳ በታች ያለውን አያይም።

ነገሩ ከታወቀ በኋላም መታረሙ ቀላል አልሆነም። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ዘር ነበርና። የዚያ ወገን ፈረሶች የሚመዘገቡበት ማኅበር፣ ጉድለቱን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ውርንጭላ በመዝገቡ እንዳይገባ የከለከለው ከ2007 ጀምሮ ለሚወለዱት ነው። ምክንያቱ ከተገኘ ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱትን ግን ክልከላው አልነካቸውም፤ እነርሱም ቢሆኑ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው።

ነጩ፣ ጥቁሩና ዝንጉርጉሩ

አሁን ወደ ነጩ ፈረስ እንመለስ። ብዙ ሰው አምባላይ ፈረስ ሲወለድ ጀምሮ ነጭ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ ነው፤ አብዛኛው ነጭ ፈረስ የሚወለደው ዳማ ወይም ጥቁር ወይም ሌላ መልክ ይዞ ነው። ዕድሜው በጨመረ ቍጥር ጠጕሩ እንደ ሽማግሌ እየሸበተ ይሄድና በመጨረሻ ይነጣል። ከጠጕሩ በታች ያለው ቆዳ ግን ጥቁር እንደ ሆነ ይቀራል። በ2008 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ያሉ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዚህን ሽበት የዘር ምክንያት አገኙ፤ በዓለም ያሉት ሸባቶች ፈረሶች ሁሉ ይህን ጠባይ ከሺህ ዓመታት በፊት ከነበረ ከአንድ ቅድመ አያት እንደ ወረሱትም አስረዱ።

ያው ምክንያት ግን ሌላ ነገርም ያመጣል። በእነዚህ ፈረሶች ቆዳ ላይ፣ ይልቁንም ከጅራታቸው ሥር፣ በከንፈራቸውና ከመንጋጋቸው በስተኋላ፣ ጥቁር እባጭ ይወጣል፤ ይህም የነቀርሳ ዓይነት ነው። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ካለፈ አምባላይ ፈረሶች መካከል ከመቶው ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት ይህ እባጭ እንደሚወጣባቸው ይነገራል። ብዙ ጊዜ በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ ፈረሱ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንዱ ግን ወደ ውስጥ ተሠራጭቶ ይገድላል። ነጩን ጠባይ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰው ፈረስ ፈጥኖ ይነጣል፤ ለእባጩም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ፈጥኖ የሚነጣ ውርንጭላ ፈልጎ ነጩን ከነጩ ጋር ብቻ የሚያራባ ሰው፣ ከነጣቱ ጋር ሕመሙንም ያበዛል።

በሥዕሎቻችን ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ የሚቀመጥበት ፈረስ ደግሞ ጥቁር ነው። ከጥቁሮቹ ፈረሶች በዓለም የታወቀው በሆላንድ አገር የሚረባው ፍሪዥያን የሚባለው ነው፤ ጋማው ረዥም፣ አረማመዱም ግርማ ያለው ነው። ይህ ወገን ከመጥፋት ለጥቂት የተረፈ ሲሆን በ1913 በመዝገብ የቀሩት የቀድሞው ዘር ድንጉሎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ከጥቂቶች የተገኘ ትውልድ እርስ በርሱ ዘመዳም ነው፤ በዚያም ላይ መልኩ ጥቁር ብቻ እንዲሆን ተመረጠ። በዚህም የተነሣ ድንክ ሆኖ መወለድ፣ በራስ ውስጥ ውሃ መቋጠር፣ የልብ ትልቁ የደም ሥር መቀደድ፣ ባዝራዋም ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጅ አልወርድ ማለት በዚህ ወገን ከሌላው ይልቅ ይታያል።

በዝንጉርጉሮቹም ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አለ። በአሜሪካ የሚወደድ አንድ ዓይነት ነጭና ሌላ መልክ የተቀላቀለበት ፈረስ አለ። ይህ መልክ ያላቸው ድንጉላና ባዝራ ሲገናኙ ከአራት ውርንጭላ አንዱ ፍጹም ነጭ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ሲያዩት እንደ በግ ጠቦት ያምራል። ነገር ግን አንጀቱን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ስላልተፈጠረለት የጠባው ወተት አያልፍለትም፤ በሆድ ቁርጠት ተሠቃይቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። ምክንያቱ በ1998 ከታወቀ ወዲህ ወላጆቹን አስቀድሞ መርምሮ ይህን ማስቀረት ተችሏል። አፓሉሳ በሚባለው ነጠብጣባም ወገን ደግሞ ነጠብጣብ የሚሰጠውን ጠባይ ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ፈረስ ከልደቱ ጀምሮ ዳፍንት አለበት፤ ሲመሽ አያይም።

የአፍንጫ ነገር

ከሁሉ ይልቅ በቅርብ ጊዜ ያነጋገረው የዐረብ ፈረስ ፊት ነው። የዐረብ ፈረስ ከጥንት ጀምሮ በጽናቱና በፍጥነቱ የተመሰገነ ነው፤ ፊቱም ከግንባሩ በታች ጥቂት ሰርጎድ ያለ ነው። የውድድር ዳኞች ይህን ስርጉድነት ስለ ወደዱት አርቢዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ አበዙት። በ2017 በአሜሪካ ያደገ አንድ ውርንጭላ ሥዕሉ በዓለም ሲሠራጭ፣ የፊቱ ስርጉድነት ከልክ ከማለፉ የተነሣ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ተቃውሟቸውን አሰሙ። አርቢዎቹ ግን ፈረሱ ጤነኛ መሆኑን ተናገሩ።

የክርክሩ ፍሬ ነገር በሚከተለው ላይ ነው። ሰው አፍንጫው ሲታፈን በአፉ ይተነፍሳል፤ ውሻም እንዲሁ ያደርጋል። ፈረስ ግን የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ነው፤ የጉሮሮው አሠራር በአፍ መተንፈስን አይፈቅድለትም። ስለዚህ የፈረስ የፊት አጥንት የጌጥ ቦታ ሳይሆን የነፍሱ መተላለፊያ ነው። በዚያው ፊት ውስጥ የመንጋጋ ጥርሶቹ ረጃጅም ሥሮችም ቦታ ይፈልጋሉ። ዳኛ ቆሞ ሲያየው የሚያምረው ጠባብ ፊት፣ ፈረሱ ሽቅብ በሚሮጥበት ጊዜ ምን ያህል አየር ያስገባል? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የዳኛው ዓይን ሳይሆን የፈረሱ ሳንባ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች የምንማረው ነገር አንድ ነው። ውበትን መውደድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ፈጣሪ ፈረስን ሲፈጥር ውብ አድርጎ ፈጥሮታልና። ጥፋቱ የሚመጣው ሰው ከአካሉ አንዱን ነገር ለይቶ፣ እርሱ ብቻ እንዲበዛ ሲመኝ፣ ጥቂት ድንጉሎችንም መርጦ ሁሉን ከእነርሱ ሲያስወልድ፣ በመጨረሻም ሕመሙ ሲታየው ለገንዘቡ ብሎ ዝም ሲል ነው።

በእኛ አገርስ?

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ የባለጸጎች አገር ጣጣ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም።

አገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ያሏት ናት። በ2012 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት በኢትዮጵያ ስምንት የፈረስ ወገኖችን ለይቷል፤ እነርሱም የሐበሻ፣ የሰላሌ፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የኦጋዴንና የቁንዱዶ ናቸው። የቁንዱዶዎቹ በምሥራቅ ሐረርጌ በተራራ ላይ እንደ ዱር እንስሳ የሚኖሩ ናቸው። እነዚህን ፈረሶች የመረጣቸው የውድድር ዳኛ ሳይሆን ብርዱ፣ ዳገቱ፣ ረኀቡና በሽታው ነው። በቁመታቸው ትናንሾች ቢሆኑ፣ ራሳቸውም ወፈር ያለ ቢሆን፣ በሥዕል እንደምናየው ባይሆኑም፣ ሀብታቸው ጽናታቸው ነው። ይህን ሀብት ንቆ፣ ቁመናው ያማረ ፈረስ ከባሕር ማዶ ለማስመጣት የሚመኝ ቢኖር አንድ ነገር ያስብ። በአገራችን በጥቃቅን ዝንቦች ንክሻ የሚተላለፍ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባል ደዌ አለ። የአገሩንም ፈረስ ይገድላል፤ በሽታው ከማይገኝበት አገር በመጣ ፈረስ ላይ ግን እጅግ ይበረታል፤ ከመቶው እስከ 90 ሊፈጅ ይችላል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ስለሚዘጋጅ ፈረስ ያለው ሁሉ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባዋል።

ሁለተኛው ነገር የጌጥ ነገር ነው። እኛ ፈረስን ለመልኩ የማርባት ልማድ ባይኖረን፣ ለመልኩ የማስጌጥ ልማድ ግን አለን፤ የተከበረም ልማድ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የሚከበረውን በዓል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ፈረስ በዐድዋና በአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ የሚያስብ ነው። ለእንስሳ ውለታ መታሰቢያ ያቆመ ሕዝብ በእውነት ሊመሰገን ይገባዋል። በጥልፍና በመርገፍ ያጌጡት ፈረሶች ተሰልፈው ሲያልፉ ልቡ የማይነሣሣ ሰው የለም።

ውለታውን የሚያስብ ሰው ግን ከጌጡ በታች ያለውንም ያያል። ፈረስ አንገቱን ቀልሶ፣ አፉን ከፍቶ፣ አረፋ እየደፈቀ ሲቁነጠነጥ ተመልካች «ወኔው!» ይላል። ፈረስን የሚያውቅ ሰው ግን ወደ አፉ ይመለከታል። በአገራችን የቆየው ልጓም በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚገባ የብረት ቀለበት ያለበት ነው፤ በለስላሳ እጅ ካልተያዘ ምላስን ይቆርጣል፣ ድድን ያቆስላል፣ አጥንትንም ይጎዳል። አፍ መክፈት፣ ጆሮ ወደ ኋላ ማጠፍ፣ ጅራት መወንጨፍ ብዙ ጊዜ የሥቃይ ምልክቶች እንጂ የወኔ አይደሉም። በአሜሪካም ቴነሲ ዎከር የሚባለው ፈረስ እግሩን ከፍ አድርጎ እንዲራመድ ብለው እግሩን በመርዛም ቅባት የሚያቃጥሉና ሰንሰለት የሚያስሩ ሰዎች ስለ በዙ፣ መንግሥቱ በ1970 የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ተመልካች ያጨበጨበለት አረማመድ የሕመም አረማመድ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ቁስል ነው። ጌጡ ያማረ፣ ድብዳቡ ግን ያረጀ ኮርቻ ጀርባን ይገጠባል። ያ ገጣባ በግላስ ተሸፍኖ ይውላል፤ ተመልካች አያየውም፤ ፈረሱ ግን በያንዳንዱ እርምጃ ያውቀዋል። በቁስል በኩል የሚገባ፣ በቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ እየተሰደረ የሚያብጥና የሚመግል የፈረስ በሽታም በአገራችን አለ። ከዓመታት በፊት በ28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች ላይ በተደረገ ምርመራ ከመቶው 19 የሚጠጉት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በተለይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ከፍታ ባላቸው ወይና ደጋማ ቦታዎች ይበዛል፤ የጣና ዳርቻም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ነው። በባሕር ዳር መንገድ ጋሪ የሚስበው ፈረስ በዓል የሚያከብርለት ባይኖርም፣ ቁስሉ ያው ቁስል ነው።

ቤተ ሰብ ምን ያድርግ?

ጠቢቡ ሰሎሞን በምሳሌው ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚያስብ አስተምሯል። ርኅራኄ ግን ያለ ዕውቀት ብዙ ስለማይረዳ፣ ፈረስ ላለው ቤተ ሰብ የሚጠቅሙትን ጥቂት ነገሮች እንጽፋለን።

አንደኛ፣ ፈረስ የሚገዛ ሰው መልኩን ከማየቱ በፊት ሲራመድ ይየው። በደረቅና በጠንካራ መሬት ላይ ቢያነክስ ይታወቃል። ከሮጠ በኋላ አፍንጫውን ያዳምጥ፤ ማፏጨት ወይም ማንኮራፋት ካለ የአየሩ መንገድ ጠባብ ነው። ጥርሶቹ መግጠማቸውን፣ ኮቴው ለሰውነቱ የሚመጥን መሆኑን ይመልከት። ሲመሽም አውጥቶ ያስኪደው፤ ዳፍንት ያለበት ፈረስ ያን ጊዜ ይደናቀፋል።

ሁለተኛ፣ ባዝራውን ለማስጠቃት የሚፈልግ ሰው የድንጉላውን ዘር ይጠይቅ። አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእኅቱ ማገናኘት የተሰወረ ጉድለትን ያወጣል። ጉድለት ያለበትን ድንጉላ መልኩ ስላማረ ብቻ ለዘር ማቆየት በሚወለደው ላይ መፍረድ ነው።

ሦስተኛ፣ አምባላይ ፈረስ ያለው ሰው በየወሩ ከጅራቱ ሥር፣ በከንፈሩና ከመንጋጋው በስተኋላ በእጁ ይዳስሰው። ጥቁር እባጭ ቢያገኝ በእሳት ለመተኰስ ወይም ለመቁረጥ አይቸኩል፤ ገና ትንሽ ሳለ ለእንስሳት ሐኪም ያሳይ።

አራተኛ፣ ልጓሙ ለስላሳና ዝገት የሌለበት ይሁን። ከጉዞ መልስ የአፉን ጥግና ምላሱን መመልከት የሁልጊዜ ልማድ ይሁን። ቁስል ካለ እስኪድን ድረስ ልጓም አይግባበት፤ በዓልም ቢሆን።

አምስተኛ፣ ድብዳቡ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ኮርቻውም በጀርባ አጥንቱ ላይ አይረፍ። ገጣባ ያለው ፈረስ አይጫን። በበዓል ቀን ከሰልፉ በፊትና በኋላ ውሃና ጥላ ያግኝ።

ስድስተኛ፣ ይህን ሁሉ ልጆች እያዩ ይሠራ። ልጅ የፈረስን ጌጥ ከመንካቱ በፊት የፈረስን እግር አንሥቶ ጠጠር ማውጣት ቢማር፣ ፈረስ መውደድ ምን እንደ ሆነ ገባው ማለት ነው።

ከዘጌ ስንመለስ

ዘጌን ለቀን ከመውጣታችን በፊት ስለ ደኑ ጥቂት አሰብን። በዚያ ባሕረ ገብ ምድር በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ልማድ አይደለም፤ ይህም ከአቡነ በትረ ማርያም ኪዳን የተነሣ እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። ሕዝቡ በቡናው፣ በጌሾውና በሎሚው ኖሯል። በሐይቁ ዙሪያ ያለው ደን አብዛኛው ሲመነጠር የዘጌ ደን ቆይቶ ያየነው ስለዚሁ ነው። መሬቱ ሊሰጥ የሚችለውን ሁሉ አንውሰድበት ያሉ ሰዎች ለልጆቻቸው ደን አወረሱ።

ይህ ምክር ለፈረስም የሚሆን ይመስለናል። ከፈረስ ሊወጣ የሚችለውን ውበት ሁሉ ጨምቀን ለማውጣት አንነሣ። የተሰጠው ፊት እንዲተነፍስበት፣ የተሰጠው ኮቴ እንዲቆምበት፣ የተሰጠው ቆዳ እንዲሸፍነው ነው። ከዚያ የተረፈው ውበት ደግሞ ለእኛ ለተመልካቾች ይበቃናል።

በጀልባው ተቀምጠን ወደ ባሕር ዳር ስንቃረብ አንድ የጋሪ ፈረስ በዳርቻው ቆሞ አየን። ዳማ ነው፤ ጌጥ የለውም፤ ሠዓሊ ቢያየው የሚመርጠው አይመስለንም። ባለቤቱ ግን ልጓሙን ከአፉ አውልቆለት፣ ፈረሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከሐይቁ ውሃ በረዥሙ ይጠጣ ነበር። የዚያን ቀን በዘጌ ግድግዳ ላይ ካየነው ነጭ ፈረስ ቀጥሎ በልባችን የቀረው ይህ ነው።